አዲስ አበባ 30 ሺህ ወይስ ሀዋሳ 24 ሺህ? ደመወዝ በከተማው ኑሮ ሲመዘን

ጥያቄ፦ «የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ያልተጣራ 30,000 ብር ይከፈለኛል። ሀዋሳ ያለ ሌላ ድርጅት 24,000 ብር ልክፈልሽ ብሎኛል። ባለቤቴ የግል ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ያልተጣራ 9,000 ብር ያገኛል። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ አለችን። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ በ12,000 ተከራይተናል። ለሁለታችን ትራንስፖርት 3,600፣ ለልጃችን ትምህርት ቤት 2,800 ይወጣል። ደሴ ላሉት እናቴ በየወሩ 2,000 እልካለሁ። ሀዋሳ የምትኖር ጓደኛዬ ደህና ቤት በ7,000 ይገኛል፣ ትምህርት ቤት 2,000 ነው፣ ትራንስፖርት ከ1,200 አይበልጥም ብላኛለች። መምህር ደግሞ እዚያ 7,000 አካባቢ ይከፈለዋል አሉ። ሰው ሁሉ ‹ሀዋሳ በ30 ከመቶ ይረክሳል፣ ምን ትጠብቂያለሽ?› ይለኛል። 6,000 ብር ቀንሼ ብሄድ ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መልሱን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ባለቤትሽ ሀዋሳ ሥራ ካገኘ ያዋጣችኋል። ካላገኘ ግን በ24,000 አያዋጣም፤ ትጎዳላችሁ። ጉዳዩ የሚወሰነው በአንቺ ደመወዝ ሳይሆን በሱ ነው። እንዴት እዚህ ላይ እንደደረስኩ አሳይሻለሁ። ሥራዬ የሠራተኛ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ስለሆነ ይህን ዓይነት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። ስሌቱን ካየሽው በኋላ የራስሽን ቁጥር እየቀያየርሽ ራስሽ ልትሠሪው ትችያለሽ።

መጀመሪያ 6,000 የሚለውን ቁጥር እርሺው። ከእጅሽ የሚጎድለው 6,000 አይደለም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የተሻሻለ የገቢ ግብር መሠረት፣ ከደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በ15 ከመቶ ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ከ14,000 በላይ ያለው እያንዳንዱ ብር ላይ 35 ከመቶ ይቆረጣል። በዚህ ላይ 7 ከመቶ የጡረታ መዋጮ አለ። ስለዚህ አንቺ ባለሽበት የደመወዝ እርከን ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ብር እጅሽ የሚገባው 58 ሳንቲም ብቻ ነው። የ6,000 ልዩነት በእጅ ሲቆጠር 3,480 ብር ይሆናል ማለት ነው።

እንፈትሸው። ደመወዝሽ ሙሉ በሙሉ መሠረታዊ ደመወዝ ነው ብለን እንውሰድ። 30,000 ሲሆን ግብሩ 8,450፣ ጡረታው 2,100 ነው። የሚተርፍሽ 19,450። 24,000 ሲሆን ግብሩ 6,350፣ ጡረታው 1,680 ነው። የሚተርፍሽ 15,970። የባለቤትሽ 9,000 ደግሞ 1,400 ግብርና 630 ጡረታ ተቆርጦለት 6,970 ሆኖ ይገባል። ያልተጣራ ደመወዝን ካልተጣራ ደመወዝ ጋር የሚያወዳድር ሰው ገና መነሻው ላይ ይሳሳታል። ዝቅ ያለ ደመወዝ ላይ ግብሩም አብሮ ዝቅ ይላል። ወደ ላይ ስትወጪም እንደዚያው ነው። 5,000 ብር ጭማሪ አገኘሁ ብሎ የተደሰተ ሰው ፔሮሉ ሲወጣ 2,900 ያያል።

ቀጥሎ «በ30 ከመቶ ይረክሳል» የሚለው አለ። ይህን አባባል በሁለት ምክንያት አልወደውም። አንደኛ፣ ሰው ቁጥሩን የሚያመጣው ከየት እንደሆነ አይታወቅም። አንዳንዱ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የዋጋ ግሽበት አይቶ ነው የሚናገረው። ግሽበት ግን የሚለካው በአንድ ቦታ ያለ ዋጋ ካለፈው ጊዜ አንጻር ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ነው። የአንድ ክልል ግሽበት ከአዲስ አበባ አነሰ ማለት ክልሉ ረካሽ ነው ማለት አይደለም። ዋጋው እዚያ ቀስ ብሎ ጨመረ ማለት ብቻ ነው። ድሮውንም ውድ የነበረ ከተማ ግሽበቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ረካሽ የነበረ ደግሞ በፍጥነት እየተወደደ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። አንድ ከተማ በሁሉም ነገር እኩል አይረክስም። ሰው 24,000ን ለ0.7 አካፍሎ «ሀዋሳ ላይ ከ34,000 በላይ ዋጋ አለው» ይልሻል። ይህ ስሌት ልክ የሚሆነው ከብርሽ እያንዳንዷ ሳንቲም ሀዋሳ ላይ ከወጣች፣ የምትገዢውም ነገር ሁሉ በ30 ከመቶ ከረከሰ ነው። ሁለቱም አይሆንም።

ዕቃውን በዓይነቱ እንየው። ከውጭ የሚገባ ነገር፣ ማለትም ስልክ፣ ልብስ፣ ፍሪጅ፣ ዘይት፣ የመኪና መለዋወጫ፣ ከጅቡቲ ተነስቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ሞጆ ለሀዋሳ መንገድ መገንጠያ ናት። ግን አብዛኛው ዕቃ እዚያ ታጥፎ ወደ ሀዋሳ አይሄድም። ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ መርካቶ ይራገፋል፣ የሀዋሳው ነጋዴ መርካቶ መጥቶ ይገዛል፣ ከዚያ ያው ዕቃ ሞጆን በድጋሚ አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የማጓጓዣውና የጫኝ አውራጁ ሒሳብ ዋጋው ላይ ይደመራል። ስለዚህ የልጅሽ ጫማ ሀዋሳ ላይ ይረክሳል ብለሽ አትጠብቂ። ሊወደድም ይችላል።

እህል ደግሞ እንደ አመራረቱ ነው። ጤፍ በብዛት የሚመጣው ከጎጃምና ከአድአ ነው። ሀዋሳ ዙሪያውን ያለው እንሰት፣ በቆሎ፣ ቡና፣ አቮካዶ፣ አናናስ ነው። ዓሣው ከሐይቁ ይወጣል። ቆጮና ዓሣ የለመደ ቤተሰብ ኑሮው ይቀለዋል። በቀን ሁለቴ እንጀራ የሚፈልግ ቤተሰብ ግን ያን ያህል ልዩነት አያይም። ሌላው ቀርቶ የአስቤዛ ወጪያችሁ 5,000 ነው ብንልና በ10 ከመቶ ቢረክስ፣ የምታተርፉት 500 ብር ነው። ሰው ስለ ሽንኩርትና ቲማቲም ዋጋ ብዙ ያወራል፤ ያንቺን ውሳኔ ግን ሽንኩርት አይለውጠውም።

ልዩነቱ ያለው ተጭኖ ሊመጣ በማይችል ነገር ላይ ነው። ቤት ከሀዋሳ ተጭኖ ጀሞ አይመጣም። የፀጉር ሥራ፣ የቤት ሠራተኛ፣ የሞግዚት፣ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ፣ የባጃጅ ዋጋ የሚወሰነው እዚያው ባለው መሬትና እዚያው ባለው የሰው ደመወዝ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ቤት ኪራይ ነው። አሁን ያላችሁበትን ተመልከቺ። ሁለታችሁ በእጅ የምታገኙት 26,420 ነው። ከዚህ 12,000 ለአከራይ ይሄዳል። ይህ ከገቢያችሁ 45 ከመቶ ነው። አዲስ አበባ ደመወዛችሁን የሚበላው በዋናነት እዚህ ጋ ነው።

ኪራይ ግን ሀዋሳም ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ምን እንደተከተለ ማስታወስ ጥሩ ነው። ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጡ። መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አገራችን የለውም። ባለሀብቶቹ ፋብሪካ ሲተክሉ የጉልበቱን ርካሽነት አይተው ነበር። የሠራተኞቹን ማደሪያ ግን በቂ አድርጎ ያዘጋጀ አልነበረም። ፓርኩ ዙሪያ ያለ አከራይ ክፍል እየከፋፈለ አከራየ፣ ዋጋም ወጣ። ልጆቹ አንዲት ክፍል ለአራትና ለአምስት ሆነው ተከራዩ። ብዙዎቹ ወራት ሠርተው ምንም ሳይቋጥሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ደመወዛቸው በወረቀት ላይ አልተቀነሰም። አቅሙ ግን ተቀነሰ። ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ቀድሞ ሊሰላ ይችል ነበር። አንቺም ጓደኛሽ የነገረችሽን 7,000 እንደ እውነት ከመውሰድሽ በፊት ራስሽ ሄደሽ ቢያንስ ሦስት አራት ቤት እዪ። እሷ የምትነግርሽ እሷ የገባችበትን ዘመን ዋጋ ሊሆን ይችላል። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣም ጠይቂ።

አሁን ሒሳቡን እንዝጋ። አዲስ አበባ ላይ ከ26,420 ብር ኪራይ 12,000፣ ትራንስፖርት 3,600፣ ትምህርት ቤት 2,800፣ ለእናትሽ 2,000 ስንቀንስ 6,020 ይቀራል። ለአስቤዛ፣ ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለሕክምና ያላችሁ ይህ ነው። ወር አለመድረሱ አይገርምም።

ሀዋሳ ሄዳችሁ ባለቤትሽ በ7,000 ተቀጠረ እንበል። የሱ የተጣራ 5,610 ይሆናል። ካንቺ 15,970 ጋር 21,580። ከዚህ ኪራይ 7,000፣ ትራንስፖርት 1,200፣ ትምህርት ቤት 2,000፣ ለእናትሽ 2,000 ሲቀነስ 9,380 ይተርፋል። አሁን ካላችሁበት በ3,360 ብር ይሻላል። ሁለታችሁም ደመወዝ ቀንሳችሁ በእጃችሁ የሚቀረው ጨመረ። የኑሮ ውድነት ልዩነት የሚባለው ነገር ሲጠቅም እንዲህ ነው የሚጠቅመው።

ባለቤትሽ ሥራ ካጣስ? ያንቺ 15,970 ብቻ ነው። ያው ወጪ ሲቀነስ 3,770 ይቀራል። ትራንስፖርቱ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ 4,400 አይሞላም። አሁን ካላችሁበት በ2,000 ብር አካባቢ ወደ ታች ወረዳችሁ። ከተማው ያው፣ ኪራዩ ያው፣ ያንቺም ደመወዝ ያው ነው። የተለወጠው የሱ ሥራ ብቻ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የሚወሰነው በሱ ነው ያልኩሽ። ትንሽ ከተማ ላይ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። አዲስ አበባ አንድ መምህር ከአንዱ ትምህርት ቤት ቢወጣ ሌላ መቶ በር አለ። ሀዋሳ ላይ በሩ ይቀንሳል። የሁለት ሰው ገቢ ያለው ቤተሰብ የአንዱን ደመወዝ ብቻ ይዞ ማወዳደር የለበትም።

የእናትሽን 2,000 ሆን ብዬ በሁለቱም በኩል እኩል አስቀመጥኩት። ሀዋሳ ኪራይ መርከሱ ለደሴ ገበያ ምንም አይለውጠውም። አዲስ አበባ ላይ 2,000 ካንቺ የተጣራ ደመወዝ 10 ከመቶ ያህል ነው፤ ሀዋሳ ላይ 12.5 ከመቶ ይሆናል። የባንክ ብድር፣ የኮንዶሚኒየም ቁጠባ፣ አዲስ አበባ የቀረ እቁብና እድር ካለሽም እንደዚያው ናቸው። ከተማ ብትቀይሪም አይቀንሱም። ከደመወዝሽ ሌላ ቦታ የሚወጣው ድርሻ ትልቅ ከሆነ ርካሽ ከተማ መሄድ የሚሰጥሽ ጥቅም እያነሰ ይሄዳል፤ ያኔ ትልቁ ደመወዝ ይሻላል።

ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ጉዳይ የዚህ ጫፍ ነው። አሠሪዋ ቤት የምትኖርና የምትበላ ሠራተኛ የሪያድ ኪራይ አይመለከታትም። የደመወዟ አቅም የሚለካው ገንዘቡ በሚወጣበት አገር ቤት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ በባንክ ለሚልኩት ያው የሪያል ደመወዝ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ብር ሆነ። ግን የአገር ቤቱም ዋጋ አብሮ ስለተነሳ ቤተሰቡ በእጥፍ አልኖረም። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎችም ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ስትሄዱ የምታዩት ይኸው ነው። ሜሪላንድ ላይ የስቴትም የካውንቲም የገቢ ግብር ይቆረጣል፣ ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር የለውም። ቤት ስትገዙ ግን የቴክሳስ የንብረት ግብር ይጠብቃችኋል። ያለ መኪናም መንቀሳቀስ ያስቸግራል። አንዱ የሚሰጠውን ሌላው ይወስዳል።

ወዳንቺ ልመለስ። ባለቤትሽ ሥራ ባያገኝ እንኳ እንዳትጎጂ ስንት መጠየቅ አለብሽ? ትራንስፖርቱን ሳንነካ የጎደለው በእጅ 2,250 ነው። ይህን ለ0.58 ስታካፍዪው 3,900 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ 28,000 ጠይቂ። እዚያ ላይ የተጣራው 18,290 ነው፤ አሁን ካለሽበት ኑሮ ጋር ያስተካክልሻል። «አዲስ አበባ 30,000 አገኝ ነበር» ብለሽ አትከራከሪ። አሠሪው «ሀዋሳ ርካሽ ነው» ይልሽና ይዘጋዋል። «ባለቤቴ ሥራውን ትቶ ነው የሚመጣው፣ የሱን ገቢ እስኪተካ ይህን ያህል ይጎድለኛል» በዪውና ወረቀቱን አሳዪው። ቁጥር ይዞ ለመጣ ሰው መልስ ለመስጠት ይገደዳል።

አሠሪው መሠረታዊውን አልጨምርም፣ የቤት አበል ልስጥሽ ካለ ችላ አትበዪው። አበሉ ግብር አለበት። ጡረታ ግን የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ከአበሉ 7 ከመቶው አይቆረጥም። ከእያንዳንዱ ብር 65 ሳንቲም ይደርስሻል። ለዛሬ ኪስሽ ይሻላል። ለነገ ግን ያስከፍልሻል። አሠሪው ላንቺ የሚያዋጣው 11 ከመቶም በመሠረታዊው ላይ ነው። የሥራ ስንብት ክፍያም፣ የጡረታ አበልም የሚሰላው በደመወዝ እንጂ በአበል አይደለም። ደግሞ አንድ ቀን አዲስ አበባ ተመልሰሽ ስትወዳደሪ «የመጨረሻ ደመወዝሽ ስንት ነበር?» መባሉ አይቀርም። ወጣት ስለሆንሽ መሠረታዊው ላይ ብትገፊ እመርጣለሁ።

ሰው የማያየው አንድ ነገር የጀሞው ቤታችሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አከራዩ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል አይችልም። ጭማሪውም በየዓመቱ በሚገለጸው መጠን ልክ ነው። ውላችሁ ተመዝግቦ ከሆነ ያ 12,000 ጥበቃ አለው። ለቃችሁ ሄዳችሁ ከዓመት በኋላ ብትመለሱ ግን የምትገቡበት ቤት በዚያን ጊዜ ዋጋ ነው። የመመለሻው ዋጋ ከመሄጃው ይበልጣል። ስለዚህ ቤቱን ለመልቀቅ አትቸኩሉ። የሙከራ ጊዜ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ይችላል። ቀድመሽ ብቻሽን ሂጂ። አንዲት ክፍል ተከራዪ ወይ ጓደኛሽ ጋ ተጠጊ። ለጥቂት ወራት ሁለት ኪራይ መክፈል ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ልጅ ይዞ፣ ዕቃ ጭኖ፣ ለደላላ ከፍሎ ሄዶ በሦስተኛው ወር ከመመለስ ግን ይቀላል።

ጊዜውንም አስቢ። ከጀሞ ሥራ ቦታ ለመድረስ ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ አለ። ልጅሽ የምትተኛው አንቺ ሳትገቢ ሊሆን ይችላል። ሀዋሳ ላይ ምሳ ቤት ሄዶ መመለስ ይቻላል። ይህን በብር አልተመንኩትም። ሁለቱ ስሌቶች ተቀራራቢ ሆነው ቢያስቸግሩሽ ግን እኔ ብሆን ለዚህ ስል ወደ ሀዋሳ አደላለሁ።

አሁን ሥራው የባለቤትሽ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ሀዋሳ ወርዶ ጥቂት ቀን ይቀመጥና ትምህርት ቤቶቹን በአካል ያናግር። በስልክ «ማስረጃህን ላክ» ከማለት በቀር ቁርጥ ያለ ነገር አይነግሩትም። የግል ትምህርት ቤቶች በብዛት መምህር የሚቀጥሩት በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዓመቱ መሐል ላይ ከሄዳችሁ እስከ ክረምት ድረስ ሥራ ፈትቶ ሊቆይ ይችላል፣ ያንን የ3,770 ብር ኑሮ የምትኖሩት በዚያ ጊዜ ነው። አዲሱን አሠሪሽን የሥራ መጀመሪያ ቀንሽን ነሐሴ ላይ እንዲያደርግልሽ ጠይቂው።